ወላድ በድባብ ትሂድ፣ በታክሲ ከሆነ ግን ይቅርባት

አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በፈረቃ ይመጣል፣ መብራት ደስ ባለው ሰዓት ይጠፋል፣ ታክሲ በሰልፍ ይገኛል። ያለ ፈረቃና ያለ ሰልፍ ለሁሉም የሚዳረስ አንድ ነገር ቢኖር ምክር ነው። በተለይ አራስ ልጅ ታቅፋ፣ ሁለት ዓመት የሞላውን ትልቁን በእጇ እየጎተተች ከቤት የወጣች ሴት ምክር አጥታ አታውቅም፤ ከግቢዋ በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ብቻ ለሰባት ልጅ ማሳደጊያ የሚበቃ ታገኛለች። መካሪዎቻችን ይህን ሁሉ ውለታ እየዋሉ አንድም ቀን ሲመሰገኑ ስላልሰማሁ፣ ዛሬ እኔ ላመስግናቸው።

የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አጭር ነው፤ «ምን አስወጣት?» ተገቢ ጥያቄ ነው። አራስ ማለት ቤቷ ተኝታ ገንፎዋን የምትበላ፣ አጥሚቷን የምትጠጣ፣ ጠያቂ እየመጣ የሚያያት ሰው ናት። ወንድ ከወለደች 40፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን፣ ክርስትናው እስኪደርስ ምን ያጣድፋታል? ጥፋቱ የጤና ጣቢያው ነው። ክትባቱን በ6 ሳምንት፣ በ10 ሳምንት፣ በ14 ሳምንት አምጪ ብሎ ካርድ ሰጥቶ ሰደዳት። 6 ሳምንት 42 ቀን ነውና ወንዱ ለጥቂት ተርፏል። ሴቷ ግን 80 ቀኗ ሳይሞላ ሁለት ጊዜ፣ በ42ኛውና በ70ኛው ቀን፣ ወጥታ መወጋት አለባት። ትክትክና መንጋጋ ቆልፍ ክርስትናዋ እስኪያልፍ ቢታገሡ ምን ነበረበት? በዚህ ላይ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ሕግ አውጪው አስቀድሞ የጎረቤት ሴቶችን አማክሮ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ጥድፊያ ውስጥ አይገባም ነበር።

«ትልቁንስ ቤት ትታው አትወጣም?» የሚሉም አሉ። እኛ ጋ ተዪው ሲሉ ግን አልተሰሙም፤ ምክራቸውን በተግባር ማቆሸሽ አይወዱም።

ሕፃኑን እንዴት ትያዘው በሚለው ላይ ደግሞ መካሪዎቹ ሁሉ በአንድ ቃል ይስማማሉ፤ እንደያዘችው አይደለም። ብታዝለው፣ «እግሩ ይንጋደዳል፣ አንገቱም አልጠና!» ትላታለች፣ እሷ ራሷ ዛጎል በተደረደረበት አንቀልባ ታዝላ አድጋ ሁለት እግሯ ቀጥ ብሎ የቆመላት ሴትዮ። ብታቅፈው፣ «እጅ አስለመድሽው፤ ኋላ አልወርድም ሲልሽ ታዪያለሽ።» በጋሪ ብትገፋው፣ «አይ ፈረንጅነት! ልጅ እንደ ሲሚንቶ ይገፋል?»

ለጋሪው ግን ትንሽ ልሟገትለት። የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በቦሌ መንገድ የእግረኛው መሄጃ ሰፍቶና ተነጥፎ ጋሪ በአንድ ጣት የሚገፋበት ሆኗል። እሰየው! አንድ ትንሽ እንከን ብቻ አለው፤ ሰው የሚኖረው እዚያ ላይ አይደለም። የሚኖረው ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ ኮብልስቶኑ በተነቃቀለበት፣ የቦዩ ክዳን በተሰረቀበት፣ የጎረቤት ግንባታ አሸዋና ጠጠር ግማሹን መንገድ በወረሰበት ሰፈር። ስለዚህ እናትየዋ ሕፃኑን ታቅፋ፣ ጋሪውን በብብቷ ይዛ፣ ትልቁን እየጎተተች ኮሪደሩ ድረስ ትደርሳለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ምቾት ያስቀናል። አባቶቻችን ወላድ በድባብ ትሂድ ሲሉ ድባቡን ማን እንደሚይዝላት አልተናገሩም፤ በሁለት እጇ ያለውን ሸክም ሳየው ራሷ ትያዘው እንደማይሉ ግን እገምታለሁ።

የታክሲው ነገር ሰፋ ያለ ምስጋና ይገባዋል። ረዳቱ «ሁለት ሰው የቀረው! ሁለት ሰው!» ሲል ቆይቶ እሷን ሲያይ «ሞልቷል» ይላል። አልዋሸም፤ የጠራው ሁለት ሰው ነው፣ የመጣው ሦስት ነው፣ ከፋዩ ደግሞ አንድ። እንደምንም ከገባች ደንቡን ይነግራታል፤ «እህት፣ ልጁን ካስቀመጥሽው ሒሳብ ትከፍያለሽ። ካልሆነ ታቀፊው።» አንዱን ታቅፋለች እኮ! ቢሆንም ፈጣሪ ሁለት ጭን የሰጣት በከንቱ አይደለም። «ጠጋ ጠጋ በሉ» እየተባለ አራት ሰው በሚሞላበት የሦስት ሰው ወንበር ላይ፣ ለብቻው የተቀመጠ የሁለት ዓመት ልጅ ሰው አይደለም፣ ብክነት ነው።

ተሳፋሪው ግን ጨካኝ እንዳይመስላችሁ። ሕፃኑን ባየ ቅጽበት ከፊት እስከ ኋላ አንድ ድምፅ ይነሣል፤ «መስኮቱን ዝጉት፣ ሕፃን አለ!» ከዚህ በላይ ርኅራኄ ከየት ይመጣል? መስኮቱ ግጥም ይላል። ከኋላ አንዱ ያነጥሳል፣ ጋቢና የተቀመጠው ሰውዬ ከሆዱ ድረስ ይስላል፣ መሐል ያለችው ደግሞ ጉንፋኗን እያስታመመች በስልክ ታወራለች። የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ ከፍተኛ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች ተርታ መዝግቦናል። ይመዝግብ። ሐኪሞች በሽታው በሳል ይተላለፋል ይበሉ እንጂ እኛ ገዳዩን እናውቀዋለን፤ ንፋስ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ መስኮት ክፈቱ ተብለን ለጥቂት ጊዜ ከፍተን ነበር፤ በሽታው ሲረሳ መስኮቱም ወደ ልማዱ ተመለሰ።

«ኮፍያ የለውም እንዴ?» ትላለች በቀኝ በኩል ያለችው። ኮፍያ አለው፤ ከሁለት ጋቢ በታች ነው። «ታፍኖ ሊሞት ነው እኮ፣ ግለጪለት!» ትላለች የግራዋ። እናትየዋ በአንድ ጊዜ ሸፍናም ገልጣም ሁለቱንም ማስደሰት አለባት። ዝም ብሎ ተነሥቶ ወንበሩን የሚለቅላት ወጣት አልፎ አልፎ ይገጥማታል። አንዲት ቃል ስለማይተነፍስ ከመካሪዎች ወገን ልቆጥረው አልቻልኩም።

ከታክሲ ስትወርድ አንዲት እትዬ ይጠብቋታል። «ይህን የመሰለ ልጅ በዚህ አቧራ፣ በዚህ የሰው ዐይን ውስጥ ይዘሽ ትወጪያለሽ?» ብለው ይቆጣሉ። ከዚያም እንዳይበላባት ጋቢውን ገለጥ አድርገው ፊቱ ላይ «እንትፍ፣ እንትፍ!» ይሉለታል። አሁን ድንችና ካሮት ሲመርጡበት በነበረው እጅ አገጩን ይዘው ደግሞ ይስሙታል። ውጭው ቆሻሻ ነው ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ማስረጃውንም ይዘው ነው የመጡት።

ትልቁ ልጅ ተረስቷል እንዳትሉ። ታናሹ ከመጣ ወዲህ እናቱን የተቀማ ስለሚመስለው መጽናናት ያስፈልገዋል። «ማሙሽ፣ አሁንማ እማዬ አትወድህም፤ አዲስ ልጅ አገኘች!» ይለዋል ባለሱቁ እየሳቀ። «ሕፃኑን ልውሰደው? እሺ በለኝ!» ይላል ዘበኛው። ልጁ ከልቡ እሺ ይላል፤ ሰፈሩ በሳቅ ይሞታል። ሲያለቅስ ሌላ ማጽናኛ ይጨመርለታል፤ «ዝም በል፣ ያ ፖሊስ ይወስድሃል!» የሁሉ ቁንጮ ግን ጤና ጣቢያው በር ላይ የሚነገረው ነው፤ «መርፌ ልታስወጋህ ነው እኮ ያመጣችህ!» የሚወጋው ሕፃኑ ነው። ይህን ለማስረዳት ጊዜ የለም፤ እስከዚያ በሰላም የመጣው ልጅ ደረጃው ላይ ተዘርግቶ እየጮኸ ነው። ያን ጊዜ ያው የዘረጋው ሰው ራሱን እየነቀነቀ፣ «አይ የዛሬ ልጅ! አሳዳጊ የበደለው!» ይላል። እናትየዋ አንዱን በክንዷ ይዛ ሌላውን በአንድ እጅ ከመሬት ለማንሣት ስትታገል ዙሪያዋን የቆመው ሰው ለአንድ ዕቁብ ይበቃል። ሁሉም ሐሳብ አለው። ሁሉም እጁን ኪሱ ከቷል።

አባትየው የት አለ? ሥራ ላይ ነዋ! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ሲፈቅድ ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ሰጥቶታል። 3 ቀን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊሉ የመጡትን ተቀብሎ ለመሸኘት አያንስም። ታዲያ አባትየው ቅዳሜ ጠዋት ትልቁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ብቅ ያለ እንደሆነ ሰፈሩ ይነሣል፤ «ጎበዝ አባት! እንዲህ ነው እንጂ!» ኮፍያው የት አለ ያለ የለም። ልጁ ያደረገው አንድ እግር ጫማ ብቻ መሆኑንም ያየ የለም።

ይህ ሁሉ ዕውቀት በየመንገዱ በነፃ ሲፈስ ማየት ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቅርቤአለሁ። መምከር የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ መያዣ ያስይዝ። ወይ ጋሪውን ኮብልስቶኑን ያሻግርላት፣ ወይ ዜብራው ላይ የትልቁን እጅ ይያዝ፣ ወይ ታክሲ እስኪመጣ የዳይፐሩን ቦርሳ ይሸከም። ይህን ከፈጸመ በኋላ ስለ ኮፍያውም፣ ስለ ንፋሱም፣ ስለ እግሩ መንጋደድም እንደ ልቡ ይናገር። ከመካሪዎቹ አንዱ የሆነ ወዳጄ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «እንዲህ ከሆነማ ማን አፉን ይከፍታል?» አለኝ። በዕቅዴ ላይ እስካሁን የተገኘው እንከን እሱ ብቻ ነው።