ማጥናቱስ ባልከፋ

ጃፓንኛ የምንማር ሰዎች ማጥናቱስ ባልከፋን። ያታከተን ከማጥናታችን በፊት የሚመጣው ነገር ነው፤ የትኛው ቃል መጠናት አለበት፣ የትኛው ይለፈን የሚለው። ማታ ከሥራ ገብተን፣ እራት ቀማምሰን፣ ስልካችንን ይዘን ቁጭ እንላለን። ያለችን ግማሽ ሰዓት ናት። እሷም የቃላት ማጥኛ ካርድ ስንመርጥ፣ ካርድ ስንሰርዝ፣ የሰረዝነውን መልሰን ስንፈልግ ታልቃለች። ነገም ያው፣ ከነገ ወዲያም ያው።

አንኪ የሚባለውን የካርድ መተግበሪያ የማያውቅ የጃፓንኛ ተማሪ ጥቂት ነው። ስሙ ራሱ በጃፓንኛ በቃል መያዝ ማለት ነው። ካርዱን ያሳየናል፤ ካስታወስን ቀጠሮውን ያርቀዋል፣ ከረሳን ያቀርበዋል። መልካም ሥራ ነው፣ በእሱ ቅሬታ የለንም። ቅሬታችን በውስጡ በሚጫነው ክምር ነው። 2,000 ቃል፣ 6,000 ቃል፣ 10,000 ቃል ታጭቆበት በነጻ ይወርዳል። መተግበሪያው ካልነካነው በቀን 20 አዲስ ካርድ ይሰጣል። 20 ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት ግን 7,300 ነው። ያንን ሁሉ ደግሞ አንዴ አይተን አንገላገለውም፣ እየተመላለሰ ይጠይቀናል። እንግዲህ በማይረባ ቃል የሄደች እያንዳንዷ ደቂቃ ከሚረባው ቃል ላይ የተቆረጠች ናት።

ቃላቱን ማን መረጣቸው? ስንል፣ በድግግሞሽ ነው የተመረጡት ይሉናል። እሺ፣ ተቆጥሯል። ግን ከምን ላይ ተቆጠረ? ብዙ ጊዜ ከጋዜጣ። ስለዚህ ገና ዳቦ መግዛት ሳንችል ሹሾ ጠቅላይ ሚኒስትር መሆኑን እናውቃለን። ሴይሳኩ ፖሊሲ፣ ካቡሺኪ አክሲዮን፣ ኪግዮ ኩባንያ መሆኑን እናውቃለን። ሃሳሚ የሚባለው መቀስ፣ ዞኪን የሚባለው መወልወያ ጨርቅ፣ ሻሞጂ የሚባለው የሩዝ ማንኪያ ግን ወደ ጭራው ተገፍተዋል። ጋዜጣ ስለ መወልወያ ጨርቅ የሚጽፍበት ምክንያት የለውም፤ ሰው ግን ቤቱን በየቀኑ ይወለውላል።

ጋዜጣው ይቅር ብለን ወደ ፈተናው እንዞራለን። የጃፓንኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና አምስት ደረጃ አለው፤ ከኤን 5 ይነሣና ኤን 1 ላይ ያበቃል። የኤን 4 ቃላት፣ የኤን 3 ቃላት የሚል ክምር በየቦታው ይታደላል። አዘጋጆቹ ግን ፈተናውን እ.ኤ.አ. በ2010 ካሻሻሉት ወዲህ የቃላት ዝርዝር አያወጡም። በእጃችን ያለው ወይ ከአሮጌው ዝርዝር የተቀዳ ነው፣ ወይ ግምት ነው። አንዱ ክምር ኤን 3 ያለውን ቃል ሌላው ኤን 2 ይለዋል። እኛ በመሐል ቆመን ሁለቱንም እናጠናለን።

ከሁሉ የሚብሰው የካርዱ ጀርባ ነው። ክምሮቹ የተዘጋጁት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ስለሆነ ትርጉሙ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ኪሩ፣ ሃኩ፣ ካቡሩ፣ ሃሜሩ፤ አራት ካርድ፣ ጀርባቸው ላይ መልበስ የሚል ያው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል። የቱ የቱ እንደሆነ ግራ ገብቶን ስንት ጊዜ ተሳስተናል! ይህ ልዩነት እኮ አማርኛ ተናጋሪን ጨርሶ ሊያስቸግረው የማይገባ ነበር። እኛ ልብስ እንለብሳለን፣ ጫማ እንጫማለን፣ ባርኔጣ እንደፋለን፣ ቀለበት እናጠልቃለን። ልክ በልክ ባይገጥምም (ሃኩ ለጫማም ለሱሪም ይሆናል) ነገሩን ከእናታችን አፍ ተምረነዋል። በራሱ የሆነውን ሰው ካደረገው መለየቱም እንዲሁ ነው፤ አኩ ተከፈተ፣ አኬሩ ከፈተ ነው። ኪዬሩ ጠፋ፣ ኬሱ አጠፋ ነው። መብራትም ይጠፋል፣ ሰውም ይጠፋል፤ ጃፓኖቹም ለሁለቱም ኪዬሩ ይላሉ። በአማርኛ በአንድ ቀን የሚያዘውን በሌላ ሰው ቋንቋ አዙረን ሳምንት እንደክምበታለን።

ድምፅ የሌለው ካርድም አለ። ኦባሳን አክስት ናት፤ ባ ሲረዝም አያት ትሆናለች። ገና የምንለው በዓል እና ገና የምንለው ጊዜ በድምፅ ካልሆነ በፊደል እንደማይለዩ የምናውቅ ሰዎች ያለ ድምፅ የተሠራ ካርድ ምን እንደሚያሳጣ አይጠፋንም። ቃል ብቻውን የቆመበት ካርድም አለ። ኮሾ ተብለው የሚነበቡ ቃላት በትልቅ የጃፓንኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ከ20 በላይ ናቸው፤ ዓረፍተ ነገር ካላጀባቸው በምን እንለያቸው?

እኛም ጥፋት አለብን። መሰረዝ እንፈራለን። ተምረነው 8 ጊዜ የረሳነውን ካርድ መተግበሪያው ራሱ አልቅት ብሎ ምልክት ያደርግበታል። አልቅት! ደም የሚመጥ ነገር ነው እያለን፣ እኛ እስካሁን የደከምንበት ያሳዝነናልና ተሸክመነው እንዞራለን።

እኔ ቆርጫለሁ። ካነበብኩት ወይም ከሰማሁት ዓረፍተ ነገር ያልወጣ ቃል ካርዴ ላይ አይወጣም። ሁለት ጊዜ ያጋጠመኝ ይገባል፤ ያላጋጠመኝ ጊዜው እስኪደርስ ይጠብቅ። አልቅት የተባለው በዚያው ዕለት ይሰረዛል። የሚያስፈልገኝ ከሆነ በሌላ ዓረፍተ ነገር ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።

ካርድ የምታዘጋጁ የአገራችን ልጆች ደግሞ፣ እባካችሁ ጀርባውን በአማርኛ ጻፉልን። 500 ቃል ይበቃል። ካቡሩ ላይ ደፋ፣ ሃሜሩ ላይ አጠለቀ ብላችሁ ጻፉና ስጡን፤ የቀረውን እኛው እናጠናዋለን።