ለአንዲት ዙርባ ዘጠና ሁለት ነጥብ

ሲጋር አዋቂ ነን የሚሉት ፈረንጆች ያሳዝኑኛል። አንድ በእጅ የተጠቀለለ የኩባ ሲጋር ለመቅመስ ያለባቸው ጣጣ! እርጥበቱ ሰባ በመቶ ገደማ እንዲሆን የሚጠበቅ የእንጨት ሣጥን፣ ጫፍ መቁረጫ፣ ሳይለኩሱ አንዴ መማግ፣ ከለኮሱ በኋላ ደግሞ ጭሱን ሳይውጡ አፍ ውስጥ ማመላለስ። ከዚያ «ቆዳ ቆዳ ይላል፣ መጨረሻው ላይ ቡና አለው» ብለው ከመቶ ነጥብ ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው «ሲጋር አፊሲዮናዶ» መጽሔት ይኸው እስከ ዛሬ ለጭስ ማርክ ሲሰጥ ይኖራል። እኛ ግራና ላይ ያለ ሣጥን፣ ያለ መጽሔት፣ ሙያውን የት አድርሰነዋል!

ካላመናችሁ ቀትር ላይ ጫት ተራው ብቅ በሉ። ሊቁ ሲመጣ ገበያው ራሱ ያስታውቃችኋል፤ ሻጮች መሐላቸውን ያዘጋጃሉ። የሙዝ ቅጠሉን መጠቅለያ እንደ አራስ ልጅ ልብስ ቀስ ብሎ ይገልጣል። ከላይ አያነሳም፤ ላይ ላዩ የተደረደረው ለየዋህ ነው። ከመሐል አንዲት ዘንግ መዝዞ ጫፏን በጥፍሩ ቀንጠስ ያደርጋል። ቀጭ ካላለች አለቀላት። ብትልም ወደ ፀሐይ ትነሳለች፣ ትገላበጣለች፣ ትሸተታለች። በመጨረሻ አንድ ቅጠል ወደ ጉንጭ፣ ዓይን ጭፍን።

«የትናንት ውኃ ጠጥታለች።»

«ኧረ ወላሂ ጋሼ፣ ዛሬ ጧት ነው የተቆረጠችው!»

«መቆረጧማ ዛሬ ነው። ውኃው ነው የትናንት።»

እንግዲህ ይህን ምላስ በምን ትገምቱታላችሁ? ይኸው ምላስ ማታ ቤት ሲገባ ሽሮው ጨው ይኑረው አይኑረው አያውቅም፤ ሚስቱም መጠየቅ ከተወች ቆየች። ይቅርታ ይደረግለት፣ ቀኑን ሙሉ ፈተና ሲያርም የዋለ መምህር ነው።

ግራና ባለችበት በሀብሩ ወረዳ ውስጥ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የዋሆቹ ተመራማሪዎች አንድ የማሽላ ዝርያ ለመልቀቅ ስንት ክረምት መደብ ለክተው፣ መዝግበው፣ መዝነው ይለፋሉ። ሊቃችን በአንድ ቅጠል ብቻ የማሳውን አፈር፣ የመስኖውን ተራ፣ የባለቤቱን ስስት ይነግራችኋል። የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት የሚባል ፕሮግራም የተቀረጸለት፣ ለመስኖ የተለፋለት አገር ሰው ነውና ውኃ ማወቁ አይገርምም። የራሱ ሽንኩርት ጠውልጎ ሳለ «ዛሬ ተራው የማን ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው ግን ከበርጫው መልስ ነው።

ጫቱን ለገበያ የማድረሱ ጥድፊያም ቢሆን ሳይንሳዊ ነው፣ አትሳቁ። እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ከለጋው ቅጠል ካቲኖንን ነጥሎ አወጣ፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ስለዚህ ጫት የጫነ አይሱዙ መብረር አለበት። ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣለት ለኬሚስትሪ ካለው አክብሮት የተነሳ ይመስለኛል።

የኩባ ሲጋር ፋብሪካዎች ለጠቅላዮቹ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ይቀጥራሉ። እኛ ምን በወጣን! ምርቃና ሲገባ የበርጫው ሰው ሁሉ ደራሲ ነው። ባለፈው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርሳ ውስጥ ባለ አራት ፎቅ ሆቴል መሠረቱ ተጣለ። አሥር ሰዓት ላይ ሦስተኛው ፎቅ ተለስኖ ነበር። አሥራ አንድ ሲል ሁለት ባለአክሲዮኖች ሊፍቱ በየት በኩል ይግባ በሚለው ተኳርፈው አንዱ ድርሻውን አወጣ። እኔ አስታራቂ ነበርኩ፤ በውለታዬ አንድ ክፍል በነፃ ተፈቅዶልኛል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ዝም አለ፤ ለመብራት የምትሆን አሥር ብር እንኳ ከመሐላችን ጠፋች። ሊቁ የዕለቱን ዙርባ ከመቶ ዘጠና ሁለት ሰጥቶ፣ ስምንቷን ነጥብ ለትናንቱ ውኃ ቀንሶ፣ ከዱካክ ጋር ሊያድር ወጣ።

የቤቱ እመቤት ገራባውን ጠርጋ ደጅ ደፋችው። ፍየሏ መጣች። ከላይ ጀምራ ስትቆረጣጥም ቆሜ አየኋት፤ አንድም ጊዜ ዓይኗን አልጨፈነችም።