ቤት ለእንግዳ

አዳማ ውስጥ አዲስ ቤት ለገዛችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ካርታው በስማችሁ ዞሯል። ደላላውም ሁለት በመቶውን ቆጥሮ ተቀብሎ ስልኩን ዘግቷል። እንግዲህ የቀራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ኳርትዝ ቀለም።

ጣራው ያፈሳል? ኳርትዝ። ግድግዳውን ያልበዋል? ኳርትዝ፣ ግን ሁለት እጅ። ማዕዘኑ ተሰንጥቆ የጎረቤት ዶሮ ይታያል? መጀመሪያ ስቱኮ፣ ከዚያ ኳርትዝ። እዚህ ከተማ ውስጥ ቀለም ቀቢ ያላዳነው የቤት በሽታ እስካሁን አልሰማሁም። ያልዳነም ካለ ተሸጧል።

እኔ ይህን ጥበብ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ቤቴን ያየሁት በጳጉሜን ነበር። ግድግዳው የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ ተቀብቷል፤ ሽታው ገና ዓይን ያስለቅሳል። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ትልቅ ቡፌ መስኮቱን በግማሽ ከልሎ ቆሟል። የቀን መቁጠሪያው ደግሞ ኮርኒሱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ተሰቅሏል። ባለቤቱ ቀኑን መሰላል ላይ ወጥቶ የሚያይ ሰው ነው ማለት ነው ብዬ አለፍኩት።

በግ ስገዛ እንዲህ አይደለሁም። ጥርሱን ፈልቅቄ፣ ሽንጡን ጨብጬ፣ ላቱን በመዳፌ መዝኜ፣ «ይሄማ ያስለዋል» ብዬ ጥዬ ሄጄ፣ ተጠርቼ ተመልሼ ነው የምገዛው። የሦስት ቀን ሥጋ ነዋ! የዕድሜ ልኩን ቤት ግን ካርታውን፣ የቆጣሪውን ሒሳብና የአጥሩን ድንበር አይቼ ፈረምኩ። ግድግዳ በጣት ማንኳኳት ነውር መሰለኝ፤ ጣራ ላይ ልውጣ ማለትማ ባለቤቱን ፊት ለፊት ቀጣፊ ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት እንደሌለበት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ጥቂት አንቀጾች ወረድ ብሎ ደግሞ ገዥው የተረከበውን ሳይውል ሳያድር እንዲመረምር ይላል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ብዙ ነገር አስበዋል፤ ቡፌን ግን አላሰቡም።

መስከረም ላይ ቡፌው በአይሱዙ ተጭኖ ሄደ። ከኋላው ሌላ ቡፌ ቆሞ ቀረ፤ በልኩ የተቆረጠ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከሻጋታ የተሠራ። የቀን መቁጠሪያው በነበረበት ቦታም የክረምት ውሃ ከኮርኒሱ ሥር የሣለው ቡናማ ካርታ ወጣ። ያኛውም ካርታ በስሜ ዞሯል ማለት ነው።

ከዚያ ኅዳር ገባ። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ ሰው ኮረብታው ላይ የቆሙትን የነፋስ ኃይል ማመንጫ ማማዎች ቀና ብሎ ይይ። በ2004 ዓ.ም. 34 ተመረቁ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 102 ተጨመሩ፤ ሁለቱ ጣቢያዎች አንድ ላይ 204 ሜጋዋት እንዲያመነጩ ነው የተተከሉት። ያን ሁሉ ማማ ለመትከል መሐንዲሶች መጀመሪያ ነፋሱን መለካት ነበረባቸው። የእኔ ቤት ግንበኛ ግን ሳይለካ አውቆታል፤ ከግድግዳው ጫፍና ከቆርቆሮው መካከል ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ዙሪያውን ትቶለታል። ኮርኒስ ያለው ሳሎኑ ብቻ ነው፤ እንግዳ መኝታ ቤት አይገባማ! ስለዚህ ሌሊት ሌሊት እኔ በብርድ ልብሴ ጉዳይ ከነፋሱ ጋር ስጓተት አድራለሁ፤ ሳሎን ያለው ሶፋ ዳንቴሉን ለብሶ ሙቅ እንቅልፉን ይተኛል።

«አዳማ ደግሞ ምን ብርድ አለ?» የሚለኝ ሰው የቆርቆሮን ጠባይ አያውቅም። ስስ ብረት የቀኑን ሙቀት ለማታ አያስቀምጥም፤ ፀሐይ ስትወጣ ምጣድ፣ ስትጠልቅ ፍሪጅ ነው። ስስነቱ የሚታወቀው በጌጅ ነው፤ ጌጁ ባደገ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ 28 ከ35 ይወፍራል። የእኔ ሻጭ 35 መሆኑን በኩራት ነበር የነገረኝ። እኔም ሒሳብ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ 35 ከ28 እንደሚበልጥ አውቄ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

አንድ አዛውንት ግንበኛ አስጠራሁ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ አንኳኩ፣ ደጁን ዞሩ፣ ጣራውን ቀና ብለው አዩና «ልጄ፣ ቤቱ ውሃ ጠጥቷል» አሉኝ። እዚህ አገር ብሎኬት ብዙ ጊዜ የሚመረተው ከስምጥ ሸለቆው ፑሚስ ነው፤ ቀላል ነው፣ ለተሸካሚም ለኪስም ይመቻል፣ ግን ቀዳዳው እንደ ስፖንጅ ነው። አሸንዳ የሌለው ጣራ ክረምቱን ሙሉ ውሃውን ከግድግዳው ሥር ያወርዳል። ውሃው በብሎኬቱ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጨውም ይዞ ይመጣል። ውሃው ሲደርቅ ጨው ይቀርና ልስኑን ከውስጥ ገፍቶ ያረግፈዋል። ግድግዳው ውሃውን መትፋት የሚችለው ዝናቡ አባርቶ፣ ያ እኔ ስረግመው የማድረው የኅዳር ነፋስ ሲመታው ነው። ያውም በነፃ!

እኛስ መቼ ነው የምንቀባው? ለእንቁጣጣሽ። ሐምሌና ነሐሴን ሲጠጣ የከረመን ግድግዳ፣ ልክ ሲጠግብ፣ በጳጉሜን አፉን በኳርትዝ እንለጉመዋለን። ጥር ላይ ቀለሙ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ሲፈነዳ «ፌክ ቀለም ሸጠልኝ» ብለን ባለ ሱቁን እንረግማለን። በዓመቱ ደግሞ ከዚያው ሱቅ እንገዛለን።

አዛውንቱ መድኃኒቱንም አዘዙልኝ። የተነፋውን ልስን እስከ ብሎኬቱ አስፍቀህ ደርቆ እስኪጨርስ እርቃኑን ተወው። አሸንዳ ስቀል፤ ውሃውን በቦይ ከመሠረቱ አርቀው። የጣራውን ጥግ ድፈን፣ መኝታ ቤቱን ኮርኒስ አልብስ፣ ከኮርኒሱ በላይ ግን አየር መውጫ ተውለት፤ እንጨቱ እንዳይበሰብስ። ቀለሙስ? አልኳቸው። «ቀለም በመጨረሻ።» ሰውየው ከዘመኑ ምን ያህል እንደራቁ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቢሆንም ሞኝነቴ አልለቀቀኝምና አሸንዳ ሰቀልኩ፣ ልስኑን አስፍቄ ብሎኬቱን ለነፋስ ሰጠሁት። ጥምቀት ላይ ዘመድ መጣ። አሸንዳውን ቀና ብሎ ያየ አንድም ሰው የለም። የተፋቀውን ግድግዳ ግን ሁሉም አየ። አክስቴ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ከሥራ ወጣህ እንዴ?» አሉኝ። የሚስቴ ወንድም «ብሩን ጣራ ላይ ሰቀለው» አለ፤ አባባሉ እስከ ዛሬ በቤተ ዘመዱ መካከል ይሠራበታል። በሳምንቱ ለሳኝ ጠርቼ ገና ባልደረቀው ግድግዳ ላይ መልሼ አስለሰንኩት። የቀረውን መድኃኒት ሁሉ ተውኩት። አክስቴም ተረጋጉ።

ምስጥ እንኳ ከእኔ ይሻላል። እንጨት ሲበላ ውጩን አይነካም፤ ልቡን ጨርሶ ቅርፊቱን ለእንግዳ ያቆያል። አንድ ቀን የበሬ መቃን ላይ ምስማር ልመታ ብሞክር ምስማሩ ከነመዶሻው ገባ፤ ቫርኒሹ ግን አሁንም ፊት ያሳያል። የድሮ ሰዎች የምሰሶውን እግር በተቃጠለ ዘይት ለቅልቀው ነበር የሚተክሉት። እኛ እንዴት ብለን? ዘይቱ ያጠቁራል፣ ለፎቶ አይሆንም።

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌና መተሐራ አካባቢ ምድሪቱ ለወራት ስትንቀጠቀጥ አዳማም እየተወዛወዘች ሰነበተች። የተቀመጥነው በየዓመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር በሚሰፋ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ግድግዳ ሲሰነጠቅ ግን ሰፈራችን መሐንዲስ ፍለጋ አልወጣም፤ ስቱኮ ፍለጋ ነው የወጣው። አፍሪካ ለሁለት ልትከፈል ብትነሣ እንኳ ስንጥቁን በስፓቹላ የምንገጥም ሕዝብ ነን።

ይኸው ዘንድሮም ነሐሴ ሊያልቅ ነው። ሻጋታው በክረምቱ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመልሷል። እኔም ልብ ገዝቼ ሁለት ባልዲ ኳርትዝ አስመጥቻለሁ፤ ያንኑ ቢጫ። ደላላውም ስልኩን ከፍቷል። በጳጉሜን ገዥ ይዞ ይመጣል፤ የአዲስ አበባ ሰው ነው፣ ጨዋ ነው፣ ዓይኑ ካርታው ላይ ነው ብሎኛል። «ቤቶች!» ሲሉ «ቤት ለእንግዳ!» ብለን በሩን መክፈት ብቻ ነው የቀረን።

አንድ ነገር ብቻ ቸግሮኛል። ቡፌ የሚያውስ ሰው ታውቃላችሁ? ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ፣ ወርዱ ሁለት ሜትር የሚሆን።