ጨረስኩኝ!

ጎንደር ውስጥ ሕጻን ልጅ ፖፖ ላይ ብቻውን አይቀመጥም። አያቱ፣ አክስቱ፣ ቡና ልትጠጣ ጎራ ያለችው ጎረቤት ሳትቀር ዙሪያውን ከበው «ሽሽሽ…» ይሉለታል። እሱ አንድ በአንድ ያያቸዋል። ምን እንደሚፈልጉበት ገብቶታል፤ ለዚህም ነው የማይሰጣቸው። «በቃ፣ የለበትም» ብለው ሱሪውን ሲያለብሱት ምንጣፉ ላይ ይለቀዋል።

እናቴ የዳባት ሰው ናት። የልጅ ልጇን ልትጠይቅ ወደ ጎንደር ወርዳ ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁትን ቢጫ ፖፖ አየችና «በቤቱ የታመመ ሽማግሌ አለ እንዴ?» አለች። እሷ የምታውቀው ፖፖ አልጋ ሥር የሚያድረውን ነው። የራሷ ዘዴ ዕቃ አይፈልግም፤ በርጩማ ላይ ቁጭ ትላለች፣ እግሮቿን ፈርከክ ታደርጋለች፣ ልጁን እዚያ ላይ ታስቀምጥና በአፏ ታፏጫለች። «አንተን ክርስትና በተነሣህ ማግስት ነው የጀመርኩህ» ትለኛለች፤ ያውም እንግዳ ባለበት።

እኔ ግን ያነበብኩ አባት ነኝ። ብራዝልተን የሚባል አሜሪካዊ የሕጻናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ 1,170 ሕጻናት ባወጣው ጥናት «ልጁ ራሱ እስኪዘጋጅ ጠብቁ፤ አታስገድዱት» ማለቱን ነገርኳት። እናቴ በጥሞና ሰማችኝና «ጨርቁን የሚያጥብለት ማን ነበር?» አለች። ጥናቱ ይህን አይመልስም።

ቀጠልኩ። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ ሌላ ጥናት በኬንያ ጠረፍ የሚኖሩ የዲጎ ብሔረሰብ እናቶች ጨቅላውን ከተወለደ ከጥቂት ሳምንታት ጀምሮ እየያዙና የ«ሽሽ» ድምፅ እያሰሙ፣ ገና በአምስትና በስድስት ወሩ እንደሚያስለምዱት ጽፏል። «እነሱ ደግሞ ዳባት መቼ መጡ?» አለችኝ።

በደጋው ነገሩ ቀላል ነው። ደባርቅና ዳባት ብርዱ አጥንት ቢሰብርም ድክ ድክ የሚል ወንድ ልጅ ከወገቡ በታች ነጻ ነው፤ ሱሪ የሌለው ልጅ ሱሪ አያርስም። ከተማ ውስጥ ግን ምንጣፍ አለ፣ ሶፋ አለ፣ ሐምሌና ነሐሴ አለ። በክረምት የሽንት ጨርቅ ከሰል ምድጃ ዙሪያ ተሰጥቶ ይከርማል፤ ወደ ቤቱ የሚመጣ እንግዳም ልጅ መኖሩን የሚያውቀው ገና ከበር ላይ ነው። ሌሊት ካራሰ ደግሞ «እሳት ሲነካካ ውሎ ነው» ተብሎ ይፈረድበታል። ሐኪሞች ግን ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሌሊት ቢያርስ በሽታ አይደለም ይላሉ፤ እሳቱን በነጻ ለቀውታል።

እናቴን አንድ ቦታ ላይ ረታኋት። «የልጅ ምን አለው፤ ወተት እኮ ነው» ብላ የፖፖውን ወደ ጓሮ ልትደፋ ስትል አስቆምኳት። ትራኮማ የምታዛምተው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በቀረ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ የትልቅ ይሁን የትንሽ አትጠይቅም። ጎንደር እኮ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር ሳኒታሪያኖች፣ ማለትም የንጽሕና ባለሙያዎች፣ የሠለጠኑባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ይህንኑ ያስተምራሉ። የፖፖው ሽንት ቤት ይገባል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል። «ይህን እንኳ ልክ ብለሃል» አለችና ፖፖውን ለባለቤቴ ሰጠቻት።

ነርሰሪ ሌላ ዓለም ነው። ሲመዘገብ ከስሙ ቀድሞ «ከዳይፐር ወጥቷል?» ይባላል፤ ወላጅ ሁሉ ሳያመነታ «አዎ!» ይላል። ማታ ልጁ የማያውቀውን ሱሪ ለብሶ፣ የራሱን በፌስታል ቋጥሮ ይመለሳል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ለአዋቂ የተቆፈረ ነውና ልጅ ቁልቁል አይቶ «እገባለሁ» ብሎ ይፈራል፤ ቤቱ እስኪደርስ ይዞት ይውላል። ቢሆንም ነርሰሪ ከእኛ ሁሉ የተሻለ ያስተምራል። አንዱ «ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ!» ሲል የሁሉም ይመጣል። ከአያት ፉጨትና ከአሜሪካ ጥናት ይልቅ ጓደኛ ሲሄድ ማየት ይበልጣል።

የኛው ልጅም በዚሁ መንገድ ለመደ። ለምዶ ግን አዋጅ ጀመረ። በሚካኤል ዝክር ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ እኔ ስለ ብራዝልተን ለዘመዶቼ ሳስረዳ፣ ከጓሮ በኩል «ጨረስኩኝ!» የሚል ድምፅ መጣ። ይህ ቃል ሲሰማ ማን ተነሥቶ እንደሚያጥብ ሕግ አልወጣለትም። ሴቶቹ ከወጡ ጋር ነበሩ፣ ወንዶቹ ብርጭቋቸውን ማየት ጀመሩ። «ጨረስኩኝ!» ደገመው፤ ዘንድሮ ነጋሪት ቢጎሰም እንዲህ አይሰማም።

እናቴ ወደኔ ዞረች።

«በል ተነሥ፤ ያነበብከው እንዳይባክን።»