ጉዳዩ፦ የቀርከሃ ወንበር

ዳኛ ማመልከቻ አያነብም፤ ያያል። ይህን የምለው ዳኞችን ለማማት አይደለም፤ ከፊታቸው የሚከመረውን መዝገብ በመስኮት እያየሁ ስላረጀሁ ነው። እንጅባራ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ በዚያ ብርድ ጣቱን እያሟሟቀ ለባለጉዳይ ራፖር የሚጽፍ እንደ እኔ ያለ ሰው ቀድሞ የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ ሦስተኛው መስመር ሳያልቅ ከሳሹ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደደረሰበትና ምን እንዲወሰንለት እንደሚፈልግ ካልታወቀ፣ ከዚያ በታች ያለው ለጸሐፊው ለራሱ ደስታ የተጻፈ ነው። ደንበኛ ግን ይህን አይወድም። ደንበኛ የሚወደው ረጅሙን ነው፤ የከፈለበትን ወረቀት ሞልቶ ማየት ይፈልጋል። «አያቴ በማን ዘመን ምን ተሹመው እንደነበር አስገባልኝ» ይላል፤ ክሱ ስለ አንዲት የጠፋች ጊደር ነው።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ መጥታ «ጋሼ፣ ለዌብሳይት ጽሑፍ ይጻፉልኝ» ስትለኝ ሥራው እንግዳ አልሆነብኝም። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ ተመርቃለች፤ ለአካባቢው ነጋዴ ድረ ገጽ እሠራለሁ ብላ ተነሥታለች። ደንበኞቿ ሁለት ናቸው። አንደኛው እዚሁ እንጅባራ መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ የሚሠሩ አዛውንት፣ ሁለተኛው ዳንግላ ላይ ፔንሲዮን ያለው ጎልማሳ። ሁለቱም ከዚያ በፊት ድረ ገጽ ኖሯቸው አያውቅም፤ እሷም ሠርታ አታውቅም፤ እኔም ጽፌ አላውቅም። «ዌብሳይቱ አልቋል፤ የቀረው ኮንተንት ብቻ ነው» አለችኝና ላፕቶፑን ከፈተች። እውነትም አልቋል። ቀለም ተቀብቶ፣ መጋረጃ ተሰቅሎለት ሰው ያልገባበት ቤት ነበር የሚመስለው።

ሰው ባይገባበትም ላቲን ገብቶበታል። ከወንበሩ ፎቶ ሥር የላቲን ጽሑፍ ተደርድሯል። ገጻቸውን ሊያዩ የመጡት አዛውንት መነጽራቸውን አውጥተው አጠገባችን ቁጭ አሉ።

«ይሄ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም አባባ፤ ቦታ መያዣ ነው።»

እውነቷን ነው። የሮማው አንደበተ ርቱዕ ኪኬሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ስለ ደግና ክፉ ነገር የጻፈው መጽሐፍ ነበር፤ አታሚዎች ከዚያ መጽሐፍ ቆራርጠው፣ ትርጉም እስኪያጣ በጣጥሰው፣ የገጽ አቀማመጥ ለማሳየት ይጠቀሙበታል። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲንከራተት ኖሮ በመጨረሻ እንጅባራ ደርሶ ለቀርከሃ ወንበር ቦታ ያዘ። ችግሩ አዛውንቱ መውደዳቸው ነበር።

«ፈረንጅ ይገባዋል አይደል?»

«ፈረንጁም አይገባውም።»

«እንግዲያው ሁላችንም እኩል ነን፤ አትንኩት።»

ኪኬሮን ከዚያ ለማስለቀቅ የፈጀብን ክርክር ዓይነተኛ የይዞታ ክርክር ነበር፤ ቀድሞ የገባ ሰው ሁልጊዜ ጉልበት አለው። ይባስ ብሎ፣ በቦታው ሊገባ የተዘጋጀው አማርኛ ከላቲኑ እምብዛም የሚሻል አልነበረም። የፔንሲዮኑ ባለቤት የራሱን ረቂቅ በቴሌግራም ልኮልን ነበር፤ የእህቴ ልጅ ለአዛውንቱም በእሱ ልክ ልትቆርጥላቸው አስባለች። «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በሰላም መጡ» ብሎ ይጀምርና ግንባር ቀደም፣ ቀልጣፋ፣ ተመራጭ፣ ዘመኑ የደረሰበት እያለ ይቀጥላል። ስሙን አንሥታችሁ ወፍጮ ቤት ብታደርጉት አንዲት ፊደል አትቀየርም። ከዚያ ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት ይመጣሉ። በመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ (ቢፒአር) ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ይኸው ወደ ግል ዘርፉ ወርዷል። የስምንት አልጋ ፔንሲዮን ራዕይ በአፍሪካ ተወዳዳሪ ሆኖ መገኘት ነው። በአፍሪካ! ከመንገዱ ማዶ ያለውን ፔንሲዮን ገና ሳይቀድም።

ልጅቱ ግን የተማረችው በሥርዓት ነውና የራዕይና የተልዕኮ ቅጽ ዘርግታ አዛውንቱን ጠየቀች።

«አባባ፣ ራዕይዎ ምንድን ነው?»

«ራዕይ አላይም ልጄ፤ እንቅልፌ ከባድ ነው።»

«ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ማየት ይፈልጋሉ ማለቴ ነው።»

«ዓይኔን ካተረፈልኝ? የትንሿን ልጄን ሠርግ።»

ይህን ጻፈችው። ኋላ ሰረዘችው። በእኔ ቢሆን አይሰረዝም ነበር።

በዓለም የመጀመሪያው ድረ ገጽ ላይ ምን ተጽፎ ኖሯል ብዬ እሷኑ ጠየቅኋት፤ ፈልጋ አሳየችኝ። ቲም በርነርስ ሊ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሲሠራ ያዘጋጀው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ተከፈተ። ሥዕል የለበትም፤ ቀለም የለበትም፤ እንኳን ደህና መጡ የለበትም። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ነገሩ ምን እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ እነማን እንደሚሠሩበት፣ ከየት እንደሚገኝ፣ የተቸገረ የት እንደሚጠይቅ፣ ታሪኩን ማወቅ የፈለገ የት እንደሚያነብ ተራ በተራ አስቀምጦ ጨርሷል። ስም፣ ጉዳይ፣ አድራሻ፣ ማስረጃ። «ይሄ ሰውዬ ራፖር ጸሐፊ ነው» አልኩ። ልጅቱ ሳቀች፤ እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

የድረ ገጽ አንባቢ እኮ ዳኛ ነው። እንዲያውም ከዳኛ ይከፋል፤ ዳኛ ቢሰለቸው እንኳ ችሎቱን ጥሎ አይሄድም። ይኼኛው ዳታው እየቆጠረበት፣ ሚኒባስ ውስጥ በሰው ብብት ሥር ሆኖ፣ በአውራ ጣቱ ገፍቶ ያሳልፍሃል። ይግባኝ የለውም።

ስለዚህ ቅጹን አስዘግቼ አዛውንቱን እንደ ባለጉዳይ ጠየቅኋቸው። ገዢ ሲመጣ ቀድሞ የሚጠይቅዎ ምንድን ነው? «ይነቅዛል ወይ ነው የሚሉኝ፤ ሌላ ምን ይላሉ» አሉ። እርስዎስ ምን ይላሉ? እዚህ ላይ ሰውዬው ተለወጡ። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ እንደሆነ፣ ወደ መተከል ቆላ የሚበቅለው ግን ድፍን እንደሆነ፤ ለጋውን ቆርጦ ወንበር የሚሠራ ሰው ለነቀዝ ቀለብ እንደሚያቀርብ፤ ሦስት ዓመት የሞላውን መርጠው፣ ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲሸሽለት በበጋ እንደሚቆርጡ፤ ቆርጠውም ወዲያው እንደማይሠሩበት፣ ጥላ ላይ አቁመው እንደሚያደርቁት፤ ለጋና የበሰለ በጣት ሲመታ ድምፁ እንደሚለይ ነገሩን። ይህን ሁሉ የተናገሩት ያለ ዕረፍት ነው፤ ልጅቱ ከሥር ከሥራቸው እየተከተለች ትጽፋለች። ሲጨርሱ አነበብንላቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። «ይሄማ የእኔ ወሬ ነው። ጽሑፉ የታለ?»

«ጽሑፉ ይኸው ነው።»

«እኔ የተናገርኩትን ጽፋችሁ ምን ተብሎ ይከፈላችኋል?»

ይህን ጥያቄ ደንበኞቼ ሁሉ በልባቸው ይጠይቁኛል፤ በአፋቸው ያወጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ለማስታረቅ እኔም ከላይ ሁለት መስመር ጨመርኩ፤ ስማቸውን፣ ከዋናው መንገድ በየት በኩል እንደሚገኙና እሑድ እንደማይሠሩ። ያቺን ሁለት መስመር አይተው ደስ አላቸው። ስማቸው በትልቁ ተጽፏል።

ጽሑፉን በእጄ ገልብጬ፣ ራፖሮቼን ወደምታተይብልኝ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ወሰድኩት፤ ልማድ ነው። ጸሐፊዋ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መተየቢያ አሳምራ መታችው፣ በፍላሽ አመጣሁት፣ የእህቴ ልጅ ድረ ገጹ ላይ ለጠፈችው። ምን የመሰለ አማርኛ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ ነጥብና ባርኔጣ ያደረገ የላቲን ፊደል ሆኖ ቁጭ አለ። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው አዩና «ይኼኛውስ ደግሞ ለማን ነው የሚገባው?» አሉ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የ«ሀ»ን መልክ በላቲን ፊደል መቀመጫ ላይ ነው የሚሥሉት። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ይታያል፤ ፎንቱ በሌለበት ግን መቀመጫው ይጋለጣል። ፊደላችን የራሱን መቀመጫ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የግዕዝ ፊደልን ሲያስገባ ነው። በዚያ መቀመጫ ላይ ለአገውኛ ቋንቋዎች ከ«ገ» የተወለደው «ጘ» እንኳ ቦታ አለው፤ የአዛውንቱ ባለቤት «በአዊኛም ይጻፍልን እንጂ» ብለው ስልክ ላይ ብንፈልገው ኪቦርዱ አላወቀውም እንጂ። ቦታ ተሰጥቶት መግቢያ ያልተሰጠው ባለይዞታ ብዙ አውቃለሁ፤ እሱን ለሌላ ቀን ልተወው። አማርኛውን ልጅቱ በስልኳ እንደገና መታችው።

ከዚያ ዋጋ መጣ። አዛውንቱ ዋጋ አይጻፍም አሉ። ዋጋ ከተጻፈ በምን ይጨዋወታሉ? ገዢ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ወንበሩን ወዝውዞ፣ «ውድ ነው» ብሎ ተነሥቶ፣ በር ላይ ደርሶ ካልተመለሰ ምኑን ገበያ ሆነ። ልጅቱ ዋጋ የሌለው ገጽ ማንም አያምነውም ትላለች። እኔ በዚህ ጉዳይ በልጅቱ በኩል ነኝ፤ ነገር ግን የሚስማርና የቫርኒሽ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት በሚዘልበት አገር የተጻፈ ዋጋ ሲነበብ ውሸት ሆኖ ይቆያል። «የዛሬውን ዋጋ ደውለው ይጠይቁ» በሚል ተስማማን፤ ስልክ ቁጥሩም ከስማቸው እኩል ሰፋ ተደርጎ ተጻፈ።

ዳንግላው ሌላ ጣጣ ነው። ባለቤቱ ታሪክ ይፈልጋል። ዳንግላ ታሪክ አላት፤ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ወደ አሥር ዓመት ገደማ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የተቀመጠባት ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን መጽሐፍ በ1936 አሳትሟል። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ባለቤቱ ግን ከዚህ ተነሥቶ «ቺዝማን ያረፈበት ታሪካዊ ፔንሲዮን» ብሎ ጻፈ። ሕንፃው ብሎኬት ነው፤ የበረንዳው ቀለም ገና ልብስ ይነካል።

«ምስክር አለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ለማሳመር ያህል ነው እንጂ።»

«የምስክር ዝርዝር ካላቀረብክ አላስገባም።»

ቺዝማንን ካነሣነው ደግሞ የሚጠቅመው ሌላው ነገሩ ነው። ሰውዬው በበቅሎና በእግሩ የዓባይን ሸለቆ ለዓመታት እየተከተለ፣ የት መሻገሪያ እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚያስኬድ እየመዘገበ ነው የጻፈው። «አስደናቂ ወንዝ» ብሎ ቢመለስ ኖሮ ዛሬ የፔንሲዮን ባለቤት ስሙን አይሰርቀውም ነበር። እናም ባለቤቱን ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁት፤ እንግዳ ሲደውል ምን ይላል? መኪና ይገባል ወይ፣ ሙቅ ውሃ አለ ወይ፣ መብራት ሲጠፋስ። አይሱዙ ይገባል፤ ተሳቢ ያለው መኪና በር ላይ ያድራል፣ ዘበኛ አለ። ሙቅ ውሃ ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ነው። ይህን ስጽፍ እጄን ሊይዘኝ ምንም አልቀረው።

«ገመናዬን ለዓለም ልታወጣብኝ ነው?»

«የሚያነብህ ዓለም አይደለም፤ ከቻግኒ የሚመጣ ሾፌር ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ሳሙና ተቀብቶ ከሚረግምህ አሁን ቢያውቅ ይሻላል።»

ሁለቱም ደንበኞች የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ፈረስ ነው። የቀርከሃውም፣ የፔንሲዮኑም የፊት ገጽ ላይ ፈረስ መኖር አለበት። አዊ ዞን ላይ ይህን መከልከል አይቻልም፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሱ ተሸልሞ ሲጋልብ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ፎቶው ይግባ፣ ግን ከሥሩ የምጽፈው እኔ ነኝ አልኩ። ለዳንግላው «ለጥር 23 በዓል የሚመጡ እንግዶች፣ እንጅባራ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አልጋ ቀድመው ይያዙ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረሱ ሥራ አገኘ። ለቀርከሃው ግን ምን ብል ፈረስና ወንበር አልገናኝ አለኝ፤ አዛውንቱም «ዝም ብሎ ይቁም፤ ፈረስ ምን ይላል» አሉ። ቆሟል።

ገጹ ተከፍቶ ሲታያቸው አዛውንቱ ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየገፉ አዩት። ተመልሰው አዩት። የሆነ ነገር የጎደላቸው ይመስላል።

«ማህተሙስ?»

«ዌብሳይት ማህተም የለውም አባባ።»

«ማህተም የሌለው ወረቀት ማን ያምናል?» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ማመልከቻ ሳታስፈርም ሰጥተህ ታውቃለህ?»

በሙያዬ መጡብኝ። ልጅቱ እኔን አየች፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ከደረሰኛቸው ላይ ክብ ማህተማቸውን ፎቶ አንሥታ፣ ሰማያዊ እንደሆነ፣ ትንሽ ዘመም አድርጋ ከስልክ ቁጥሩ ሥር አሳረፈችው። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁና ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። በዚያው ምሽት የዳንግላው ሰው ደወለ። የቀርከሃውን ገጽ አይቶታል። ለእሱም ክብ ማህተም ይደረግለት፤ ከእሳቸው ግን ትንሽ ሰፋ ይበል።