እሳትን አዳፍኖ የመሄድ ጥበብ

ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላምም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ በመጋቢት ወር የተጓዘ ሰው፣ በክረምት አረንጓዴ ግምጃ ለብሶ ያየው ምድር ቢጫ ሆኖ፣ የበቆሎው አገዳ በየማሳው ቆሞ በነፋስ ሲንኳኳ፣ የባሕር ዛፉም ልጥ እየተላጠ ከግንዱ ሥር ሲከመር ሲመለከት፣ ሀገሩ በሙሉ አንዲት ፍንጣሪ ብቻ የቀረችው የተሰናዳ ደመራ መስሎ ይታየዋል። ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ክፍለ ዘመን ከፍለው፣ ከታኅሣሥ 26 ቀን እስከ መጋቢት 25 ቀን ያለውን ሐጋይ ወይም በጋ፣ ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለውን ደግሞ ጸደይ ይሉታል፤ እሳት ከጉልቻው ወጥቶ ሜዳውን የሚሻው በነዚህ በሁለቱ መጋጠሚያ ሰሞን ነው። ደግሞም ሰው ከቤቱ ውጭ እሳት የሚያነድበት ምክንያት የሚበዛው በዚሁ በበጋ ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው የሰርግ ወራት ጎረቤት ሁሉ ከዳሱ ጀርባ ትልልቁን ድስት ይጥዳል፤ እረኛው ከብቱን ሰብል በተነሣበት ማሳ አሰማርቶ ቆሎውን በሜዳ ይቆላል፤ ማር ቆራጩ ጭስ ይዞ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ የዳጉሳ አረቄ የምታወጣውም ሴት ከጎጆዋ ጓሮ ቀኑን ሙሉ ስትማግድ ትውላለች።

እኔም «በበጋ በሜዳ እሳት አታንድዱ» የሚለው ምክር ብዙ ዘመን ሲነገር ሰምቼ፣ ከጆሮ አልፎ ወደ ልብ ሳይደርስ ሲቀርም አይቼ፣ አንድ ጊዜ ነገሩን ገልብጬ ለመጻፍ ወሰንሁ፤ ይኸውም ሀገሩን በእሳት ለማጥፋት የሚሻ ሰው ቢኖር በየትኛው መንገድ መሄድ እንደሚገባው በተራ ማሳየት ነው። የአጻጻፉ መልክ የፌዝ ምክር ይሁን እንጂ አንዲቱንም ቃል ለሳቅ አልጻፍኋትም፤ እዚህ የማስቀምጠውን ሁሉ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ ለጎረቤታቸው ክፉ የማያስቡ ቅን ሰዎች ሲያደርጉት አይቻለሁና፤ ከነርሱም ጋራ እኔ ራሴ አድርጌዋለሁና።

እንግዲህ ይህን ጥፋት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሰዓቱን ይምረጥ። ማለዳ፣ ሣሩ ከሌሊቱ ቅዝቃዜ ጥቂት ርጥበት እንደ ያዘ፣ ነፋሱም ገና ሳይነሣ ያነደደ እንደሆነ እሳቱ በሦስቱ ጉልቻ መካከል ተወስኖ ይቀርበታልና፣ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ፣ ከቆላው የሚነሣው ሞቃት ነፋስም ሽቅብ መንፈስ እስኪጀምር ድረስ ይታገሥ። ቦታውንም ከዳገት ግርጌ ያድርገው፤ እሳት ሽቅብ ሲወጣ ነበልባሉ በላዩ ወዳለው ሣር ተጋድሞ፣ ገና ሳይደርስበት ያደርቀዋልና፣ የነገሩ ዐዋቂዎች ዳገቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ ይናገራሉ። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚወርደውን መንገድ ይዞ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል የተመለከተ ሰው፣ ያ ሰንበሌጥ የለበሰ ገደል ሁሉ ለእንዲህ ያለው እሳት ምን ያህል የተመቸ መሰላል እንደሆነ ሌላ አስረጂ ሳይሻ ይገባዋል።

ጥላ ቢያስፈልገውም ከባሕር ዛፍ ሥር ይቀመጥ። ይህ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከአውስትራልያ ዘሩ መጥቶ ለማገዶውም ለቤት ሥራውም ባለውለታችን የሆነው ዛፍ በቅጠሉ ውስጥ ዘይት አለው፤ ጉንፋን ይዞን ስንታጠነው ትንፋሻችንን የሚከፍተው ያው ዘይት በእሳት ጊዜ እንደ ላምባ ይቀጣጠላል፤ የተላጠው ልጥም እየነደደ በነፋስ ተነሥቶ፣ ማሳና መንገድ ተሻግሮ ከማይጠበቅበት ቦታ ይወድቃል። በዚያው በዛፉ ሀገር በአውስትራልያ፣ ቀኑ እጅግ ሞቃትና ነፋሻ ሲሆን መንግሥት ሙሉ የእሳት እገዳ ያውጃል፤ በዚያም ቀን በደጅ በእንጨት ወይም በከሰል ምግብ የሚያበስል ሰው ሕግ እንደ ጣሰ ተቈጥሮ ይቀጣል። እኛ ዛፉን ተቀብለን ስናበዛው ከዛፉ ጋራ መኖር የሚገባውን ፍርሃት አልተቀበልንም።

ከዚህም የበለጠ ጥፋት የሚሻ ሰው ወደ ደብሩ ይጠጋ። በደጋውና በወይና ደጋው ጎጃም ከጥንቱ ደን የተረፈው በአመዛኙ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተከብሮ የኖረው ነው፤ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በጎረቤታችን በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው፣ ከአካባቢው የጠፉ አገር በቀል ዕፅዋት በነዚያ ቅጥሮች ተጠልለው መቅረታቸውን አሳይተዋል። ካህናቱ ዛፉን በግዝት ጠብቀውታል፤ ግዝትን የሚፈራ ሰው መጥረቢያውን ይመልሳል፤ ፍም ግን ግዝት አይፈራም። ሙጫ ያለው ጥድ ቶሎ ይነድዳል፤ አንዴ ከተቃጠለም እንደ ወይራ ከጉቶው አያቆጠቁጥምና፣ አያቶቻችን ሕፃናት ሳሉ ያረጀ ዛፍ በአንድ ቀትር ይታጣል። የዋሸራን ፈለግ ተከትለው ከየአውራጃው የሚሰበሰቡት የቅኔ ተማሪዎች ቅኔያቸውን የሚቈጥሩት በእንዲህ ያለው ዛፍ ጥላ ተቀምጠው ነው፤ የሣር ጎጇቸውም ከደኑ ጋራ ትጠጋለች።

ሥፍራው ከተመረጠ በኋላ የሚቀረው ቀላል ነው። ሣሩን አይንቀል፤ ቅጠሉን አይጥረግ፤ ጉልቻውን በገለባው ላይ ያስቀምጥ፤ ነበልባሉ ረዝሞ ፍንጣሪው እንዲበርርለት የበቆሎ አገዳ ይማግድበት፤ እሳቱንም ለሕፃን ልጅ ትቶ እርሱ ወደ ጨዋታው ይሂድ። ውኃ ደግሞ ከጀበናዋ ከምትበቃው በቀር አያምጣ።

ይህ ሁሉ ግን መቅድም ነው፤ የጥፋቱ ዋና ጥበብ የሚመጣው ምግቡ ከተበላ፣ ቡናውም እስከ በረካው ከተጠጣ በኋላ ነው። በዚህን ጊዜ ከተቀመጡት አንዱ ይነሣና ዓመዱን በእግሩ ሰብስቦ፣ ሁለት ሦስት እፍኝ አፈር በላዩ በትኖ፣ እጁንም አራግፎ «አዳፍኜዋለሁ፤ እንሂድ» ይላል። እኔ በዚህች በአንዲት ቃል ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜ አስቤአለሁ። ክብሪት በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን እናቶቻችን ማታ ከእራት በኋላ ፍሙን ወደ ምድጃው መካከል ሰብስበው፣ ኩበት ወይም ወፍራም ጉማጅ አስጠግተው፣ በዓመድ ሸፍነው ይተኙ ነበር፤ ማለዳም ዓመዱን ገለጥ አድርገው እፍ ሲሉበት ፍሙ ከእንቅልፍ እንደ ነቃ ዓይን ይከፈታል። ይህ ያልሆነላት ሴት ልጇን ገል አስይዛ ከጎረቤት እሳት ታስጭራለች፤ እሳቱ ያደረላትም በባልትናዋ ትመሰገናለች። እንግዲህ ማዳፈን ማለት እሳትን ማሳደር ነው። ዓመዱ ነፋሱን ስለሚያሳንስበት ፍሙ ፈጥኖ ነድዶ አያልቅም፤ ግለቱን ስለሚጠብቅለትም አይበርድም፤ በዝግታ ውስጥ ውስጡን እየበላ ይቈያል። እናቲቱ በቤቷ እሳትን ለማኖር የምታደርገውን ልጇ በሜዳ እሳትን ለመግደል ያደርገዋል፤ ቃሉንም እንኳ አልለወጠም፤ ከአፉ በሚወጣው ቃል እውነቱን እየተናገረ እርሱ ራሱ አይሰማውም። ሰምና ወርቅ በመለየት የታወቀ የጎጃም ሰው በዚህ ቦታ ዓመዱን አይቶ ይሄዳል፤ ፍሙ ግን ከሥሩ አለ።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስለ አራቱ ባሕርያት ሲያስተምሩ፣ እሳት ይብሰት፣ ውዕየትና ብርሃን አለው ይላሉ፤ ደረቅ፣ የሚያቃጥልና ብሩህ ነው ማለት ነው። መሬት በይብሰት ይስማማዋል፤ ነፋስ በውዕየት ይስማማዋል፤ በድርቀቱም በግለቱም ተቃራኒው ግን ቁሪርና ርጥበት ያለው ውኃ ብቻ ነው። ይህን ትምህርት በዐውደ ምሕረት ሰምቶ የወጣ ሰው እሳቱን ለደረቅ አፈር አደራ ሰጥቶ ሲሄድ፣ ዘመድን ከዘመዱ አስጠግቶ መሄዱ ነው፤ ሌላው ዘመዱ ነፋስም በመንገድ ላይ ነው። እውነተኛው አጠፋፍ አስቸጋሪ ሆኖ አይደለም፤ ፍሙ ተበትኖ ውኃ ይፈስስበታል፤ በእንጨት ይማሰላል፤ ዳግመኛም ይፈስስበታል፤ የእጅ ጀርባ ሲጠጋበት ሙቀት እስከማይሰማ ድረስ ይደገማል። ቃጠሎው ወደ ዛፍ ሥር ከገባ ሥሩን ተከትሎ ከምድር በታች ለቀናት ሊጨስ ይችላልና፣ ከሥር ላይ ጉልቻ መጣል ከሁሉ የከፋ ነው።

እሳቱ ካመለጠ በኋላም ጥፋቱን ፍጹም ለማድረግ አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም ዝም ማለት ነው። ያነደደው ሰው ዕዳውን ፈርቶ እሪ ሳይል ብቻውን በቅጠል ሲታገል፣ ከዚያም ሲያቅተው ወደ ቤቱ ሮጦ ሲሸሸግ፣ በጡሩምባና በደወል ሊሰበሰብ ይችል የነበረው ሠፈር የሚያውቀው ጭሱ ከተራራው በላይ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ግን ነገሩ ከሰው እጅ ወጥቷል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ዋልያና ቀይ ቀበሮ በሚኖሩበት፣ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጓሳውና አስታው ሲነድድ፣ ሕዝቡ ከገደል ገደል እየተንጠለጠለ ሲዋጋው ሰንብቶ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መምጣት አስፈልጓቸዋል። በ1992 ዓ.ም. በነበረው የድርቅ በጋ በባሌና በቦረና የተነሣው እሳት ከ100,000 ሄክታር በላይ ያጠፋ ሲሆን፣ ወታደሩና ተማሪው ዘምቶበት፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጥተውበት፣ የዝናም መድረስ ነው ያገዛቸው። ሀብትና መሣሪያ በሞላበት ሀገርም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው፤ በካሊፎርንያ በዮሴሚቲ አጠገብ በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ከ100,000 ሄክታር በላይ የፈጀውን ቃጠሎ፣ መርማሪዎች እሳት ማንደድ በተከለከለበት ሰሞን አንድ አዳኝ ካነደደው እሳት እንደ ተነሣ ተናግረዋል።

አዋጅ አልጐደለንም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 542፣ እርሱንም የተካው የ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1065 በደን ላይ እሳት መልቀቅን ይከለክላሉ። ነገር ግን አዋጁ በመዝገብ ላይ ሆኖ ቡናው በባሕር ዛፍ ሥር ይፈላል፤ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ከቅጥሩ ሳይወጣ፣ ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው «ከዛሬ ጀምሮ ዝናም እስኪጥል በሜዳ እሳት አይነድድ፤ የግድ የሆነበትም ውኃ ሳይዝ አያንድድ» ቢሉ፣ የቀበሌውም ሊቀ መንበር ከጎናቸው ቢቆም፣ ይህ ከብዙ ወረቀት የበለጠ እንደሚሰማ አምናለሁ።

ከብር ወንዝ በማይርቅ መንደር ከብት እጠብቅ በነበርሁበት ዕድሜ፣ በዐቢይ ጾም ሰሞን አራት ልጆች ሆነን ሽምብራ ቆልተን በላን። ከብቱ ወደ ውኃ ሲያዘነብል ቸኩለን ተነሣን፤ ከሁላችን የሚበልጠውም ልጅ ትልልቆቹ ሲያደርጉ እንዳየው ዓመዱን በእግሩ ሰብስቦ አፈር ጣለበት። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ነፋስ ተነሣ፤ እኛ ከተቀመጥንበት ቦታ እስከ አንዲት መበለት አውድማ ድረስ ያለው ገለባ ነደደ፤ ከበሬዎቿ ጋራ እስከ ሰኔ ልታደርስበት ያሰበችው የጤፍ ጭድ ክምር እኛ ቆመን እያየነው ዓመድ ሆነ። ሰው አልተጐዳም። ማታ አንድ ሽማግሌ አራታችንንም አስጠሩንና መበለቲቱ ባለችበት፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «እሳቱን ምን አድርጋችሁት ነው የሄዳችሁት?» ብለው ጠየቁን።

«አዳፍነነው ነው» አልን።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፣

«ለማን ልጆቼ?» አሉ። «ለማን አዳፈናችሁት?»