ብርብራም ዛፍ ነው

ባሕር ዳር ላይ በቀትር ፀሐይ ራሱን ለጋ ቅቤ ተቀብቶ ባጃጅ የሚሳፈር ጎልማሳ ከእኔ ሌላ አላየሁም። ሌላው ብልህ ሆኖ አይመስለኝም፤ ቅቤው ተወዶበት ነው። የሚያዝያ ፀሐይ ደግሞ ለማንም አታዳላም። ከፋሲሎ ተነሥተን ብዙም ሳንርቅ ቅቤው ጆሮ ግንዴን ይዞ መውረድ ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጡት ነጭ የለበሱ እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ በሩ ተጠጉ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ወንበሩን እንዳይደገፉብኝ፤ ገና ትናንት ነው ያስለበስኩት» አለኝ። ሽምብጥ እስክንደርስ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ ተጓዝኩ።

ነገሩን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። አንድ ምሽት የሻምፖውን ጠርሙስ ገልብጣ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በመነጽር ማንበብ ያዘች። ስትጨርስ፣ «ከዚህ ሁሉ ውስጥ የማውቀው ውኃን ብቻ ነው» አለች። እኔ ደግሞ የዱቄት ሳሙናው ዋጋ ከወር ወር ሲወጣ እንጂ ሲወርድ ስላላየሁ ወደ ተፈጥሮው እንመለስ የሚለውን ሐሳቧን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። መጀመሪያ የሄድነው የተፈጥሮ ነገር ይሸጣል የተባለ ሱቅ ነው። ሬት የተሳለበት ሳሙና አነሣሁ፤ ዋጋውን አየሁ፤ ቀስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ሬቱማ ከአጥራችን ሥር ፍየል ሳይነካው በቅሎ ይውላል። ከሱቁ እንደወጣን ቅዳሜ ገበያ ይሻለናል አልን።

መፋቂያው ያለ ጣጣ ገባ። ወይራ ጥሩ ነው፤ ርካሽ ነው፤ ከጥርስ ብሩሽ የሚከፋው ስብሰባ ላይም እንድትፍቅ ስለሚገፋፋህ ብቻ ነው። ቅቤው ግን ከባጃጁ በኋላ በቤተሰብ ጉባኤ ወደ ወጥ ተመለሰ። ሒሳቡም ቢሆን አይገባም፤ በአንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ ዋጋ የፋብሪካ የፀጉር ቅባት ገዝቶ ስንት ጊዜ ይከረማል!

ግራዋ ሌላ ታሪክ ነው። ጠላ ጠማቂዎቻችን ጋኑንና እንስራውን በግራዋ ቅጠል አሽተው፣ በወይራ አጥነው ነው የሚያሰናዱት። እኛም የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሹን ትተን ግራዋ ቀጠፍን። ድስቱ አማረ፤ ብርጭቆው አማረ። ቴርሞሱ ጠባብ አፍ ስላለው ቅጠሉ ውስጡ ገብቶ አደረ። በማግሥቱ የመጡ እንግዶች ከዚያ ቴርሞስ ሻይ ተቀድቶላቸው አንድ ጊዜ ፉት እንዳሉ ወሬ ቆመ። የባለቤቴ አጎት ብቻ፣ «ለሆድ ትል ጥሩ ነው» ብለው ጨለጡት።

ዋናው ጉዳይ ግን እንዶድ ነበር። የአገራችን ሰው ነጠላና ጋቢ ሲያጥብበት የኖረ ፍሬ ነው፤ ደርቆ ተወቅጦ ውኃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ይደፍቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ደግሞ ቀንድ አውጣ ውስጥ ሳያድግ ወደ ሰው አይሻገርም። አጣቢዎቹ ሳያውቁት መድኃኒት ሲረጩ ኖረዋል ማለት ነው። አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ብዙ ዓመት ደክመውበት፣ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ፈረንጆቹም አልተኙም፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ የታላላቆቹን ሐይቆች የውኃ ቱቦ የሚደፍን ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት እንደሚገድል ተመልክቶ የፈጠራ መብት አወጣበት። እናቶቻችን የፈጠራ መብት ቢሮ የት እንዳለ ቢያውቁ ኖሮ ዛሬ ልብስ የሚያጥብልን ሌላ ሰው ነበር።

ይህን ሁሉ ገበያ ላይ ለባለቤቴ ስተርክ እንዶድ ሻጯ በትዕግሥት ሰምታኝ ዋጋውን ጨመረችብኝ።

ጽሑፍ የማይነግረው አንድ ነገር አለ፤ እንዶድ ሲወቀጥ ያስነጥሳል። ሙቀጫውን ግቢ መሐል አስቀምጬ ዘነዘናውን ማንሣት እንደጀመርኩ አቧራው ተነሣ። መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ ልጆቹ፣ ከዚያ ተከራዮቹ፣ በመጨረሻም የጎረቤት ውሻ አነጠሰ። «ይማርህ» የሚል ጠፋ፤ ሁሉም የራሱን ይዞ ነበር። የጎረቤታችን እማሆይ በአጥሩ ብቅ ብለው አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው አዩኝ።

«ምን እያደረግህ ነው ልጄ?»

«እንዶድ እየወቀጥኩ ነው እማሆይ።»

«አፍንጫህን አስረህ፣ ፊትህን ከነፋሱ አዙረህ ነዋ የሚወቀጠው! ይሄ ደግሞ ቀልቶ የተለቀመ ነው። አረንጓዴ ሳለ ነበር መለቀም ያለበት። ማን ሸጠልህ?»

የቤቱ ውኃ በዚያ ሳምንት ጠፍቶ ስለነበር ጋቢዎቹን ጭኜ ወደ ጣና ዳር ወረድኩ። ሐይቁ ወደ ሦስት ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ የእኔ ሁለት ጋቢ ምን ያደርገዋል? ዳርቻው ላይ ወጣቶች ባጃጅና ሚኒባስ በዱቄት ሳሙና ያጥባሉ፤ ማንም አይናገራቸውም። እኔ ሳፋውን ሞልቼ፣ እንዶዱን ደፍቄ፣ የመጀመሪያውን እጣቢ ወደ ውኃው ላዘነብል ስል ከደንገል የተሠራች ታንኳውን እየጎተተ ያለ አንድ ዓሣ አስጋሪ ጮኸ።

«ጌታው! ምንድን ነው እሱ?»

«እንዶድ ነው፤ አይዞህ፣ የተፈጥሮ ነው» አልኩ፤ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

«ብርብራስ? ብርብራም እኮ ዛፍ ነው!»

ዝም አሰኘኝ። ጣና ዙሪያ ብርብራን የማያውቅ ዓሣ አስጋሪ የለም። ፍሬውን ወቅጠው ዓሣው ሊራባ ሽቅብ በሚወጣባቸው ወንዞች፣ እንደ ጉማራ ባሉት ውስጥ፣ የሚበትኑ አሉ፤ ትልቁም ትንሹም ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። እነዚያ ዓሣዎች ደግሞ ከፊሎቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ ዝርያዎች ናቸው። እንዶድም የብርብራ ዘመድ ባይሆን ሥራው ይቀራረባል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ያው አረፋ በስንጥቡ የሚተነፍሰውን ዓሣም አይምርም። ቶሎ በስብሶ መጥፋቱ እውነት ነው፤ ሳይጠፋ የሚያገኘው ቆሮሶ ግን ይህን ዕውቀት ይዞ የትም አይደርስም።

«እነሱስ?» ብዬ ባጃጅ አጣቢዎቹን አሳየሁት።

«እነሱም ልክ አይደሉም። ብናገራቸው ግን ብዙ ናቸው፤ እርስዎ ብቻዎን ነዎት።»

እንዲህ ያለ እውነተኛ ሰው አይጠላም። እምቦጩንም አሳየኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ መታየቱ ከተነገረ ወዲህ ከእርሻ በሚታጠበው ማዳበሪያና በከተማው ፍሳሽ እየፋፋ፣ መረቡን ከነድንጋዩ ይዞበት ይሄዳል። የሰው እጣቢ የሚያበላው አረም ከፊቱ ተነጥፎ ሳለ የእኔን ሳፋ ቢቆጣ አልፈርድበትም። እጣቢውን ወደ ሣሩ፣ ከውኃው ራቅ አድርጌ ደፋሁና ጋቢዎቹን እርጥብ እንዳሉ ጭኜ ተመለስኩ። ክብደታቸውን ለባጃጅ ሾፌር ማስረዳት አያስፈልግም፤ ወንበር ለማርጠብ የመጣሁ ደንበኛ መሆኔን ካየኝ በቂ ነው።

ቤት ገብቼ ሒሳብ ያዝኩ። የእንዶዱ ብር ከዱቄት ሳሙናው ያንሳል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን መውቀጡ፣ መንፋቱ፣ መዘፍዘፉ፣ ማሸቱ፣ እጣቢውን የት እንደሚደፉ ማሰቡ አለ። ድሮ ይህ ሁሉ ዋጋ የሌለው የመሰለው ሴቶች ስለሚሠሩት ነው እንጂ ርካሽ ሆኖ አይደለም። ባለቤቴም ይህንን ቀድማኝ ደርሳበታለች መሰለኝ፣ ዘነዘናውን ከዚያ ቀን በኋላ አልነካችውም፤ ስጠራት ሁሉ ሌላ ሥራ አላት።

አሁን ቤታችን የተቀላቀለ ነው። ጋቢና ነጠላ በእንዶድ፣ ግቢ ውስጥ፣ እጣቢውም ለአጥር ሥር፤ ድስት በአመድና በግራዋ፤ ቴርሞስ በፈሳሽ ሳሙና፤ የልጆች ዩኒፎርም በዱቄት። ሬቱን እንዲሁ ቆርጬ እጄ ሲቃጠል እቀባዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ስወጣ እማሆይን፣ «ጥሩውን እንዶድ ልምረጥልዎ? አረንጓዴ ሳለ የተለቀመውን አሁን ለይቻለሁ» አልኳቸው። የዕድሜ ልክ አዋቂ ስለሆኑ ይደሰታሉ ብዬ ነው።

«አንተ ጉልበት አለህ፤ ውቀጥ» አሉኝ አንጓቸውን እያሹ። «ለእኔ ኦሞ ግዛልኝ። ትልቁን፤ ትንሹ ቶሎ ያልቃል።»